ቤዝ የያዘው ልጅ ለምን ይነጫነጫል?

በሰሜን ጎንደሯ አዲ አርቃይ ሰርግ ተደግሶ «ባንድ መጥቷል» ከተባለ፣ ብዙ ጊዜ የመጣው አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ወይም ሁለት ድምጻዊ፣ ሚክሰርና ጥንድ ሞንታርቦ ነው። በዚህ ቅር የሚለው ሰው የለም። ዘፈኑ ይሰማል፣ እስክስታው ይወረዳል፣ ሙሽሮቹም ይሸኛሉ። ከዚህ አልፈን ድራም፣ ሊድ ጊታርና ቤዝ ጨምረን ሙሉ ባንድ እናቁም፣ የታዋቂ ዘፋኞችን ሥራ ልክ እንደ ካሴቱ አድርገን እንጫወት የሚሉ ወጣቶች ግን በየከተማው አይጠፉም።

እንዲህ ያለ አማተር ባንድ ሲቋቋም፣ ሲጨቃጨቅና ሲበተን በቅርብ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ከሁሉ በላይ የሚነጫነጨው ቤዝ የያዘው ልጅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልምምድ የሚጠራው፣ ቀብድ የሚቀበለው፣ መኪና የሚለምነውም እሱ ነው። እኔም ቤዝ ስለምጫወት ለወገኔ ማድላቴ አይቀርም፤ አንባቢ ይህን እያወቀ ያንብብ።

ንጭንጩን ከዳር ሆኖ ለሚሰማ ሰው ነገሩ ሁሉ የጠባይ ይመስለዋል። ኪቦርዲስቱ ስግብግብ ነው፣ ድራመሩ ቃል አይጠብቅም፣ ድምጻዊዋ ትኮራለች። ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ከመሣሪያው፣ ከመለማመጃ ክፍሉ፣ ከጾምና ከሰርግ ወቅቱ፣ ከገንዘቡም አከፋፈል ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ቢያንስ የሚቆጣበትን ይመርጣል።

ቤዝ ጊታር ራሱ ረጅም ዕድሜ የለውም። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ቤዝ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የሆቴል ባንዶች ዋና ምሰሶ ሆኖ እናገኘዋለን። ራስ ሆቴል አይቤክስ ባንድ ነበረ፣ ግዮን ዳህላክ፣ ሒልተን ደግሞ ዋሊያስ። በአይቤክስ ቤዝ የሚጫወተው ጆቫኒ ሪኮ ነበር፤ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1975 የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ያጀበ ሲሆን በኋላ ሮሃ ባንድ ተብሏል። በዋሊያስ ቤዙን የያዘው መላከ ገብሬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን «ቸ በለው» አልበም የሚያውቅ ሰው «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ሥራ ሲያስታውስ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው የቤዙ መስመር ነው።

እነዚህ ባንዶች ማታ ማታ የሚጫወቱት የራሳቸውን ብቻ አልነበረም። እንግዳው የወደደውን፣ የውጭውንም የአገር ውስጡንም ይጫወቱ ነበር። የሰው ዘፈን ተጫውቶ ማደር ታዲያ የጀማሪ ምልክት አይደለም። ልዩነቱ ቋሚ መድረክ ነው፤ በየሌሊቱ አብሮ የሚጫወት ባንድ ሳይነጋገር ይግባባል። የሰርግ ወቅት ሲመጣ ብቻ የሚሰባሰብ ባንድ ግን በየዓመቱ ከ«ሀ» ይጀምራል።

በክፍለ ሀገር ደረጃ መንገዱ ሌላ ነበር። በደርግ ዘመን ጎንደር ላይ ፋሲለደስ፣ ጎጃም ላይ ግሼ አባይ፣ ወሎ ላይ ላሊበላ የተባሉት የኪነት ቡድኖች ነበሩ። በባህል ቡድን ውስጥ የታችኛውን ወፍራም ድምፅ የሚይዘው ቤዝ ክራር ነው። ስለዚህ ጎንደሬ የቤዝን ሥራ አያውቀውም ማለት አይቻልም፤ የማያውቀው ቤዝ ጊታር የያዘውን ሰው ነው። በኋላ ኪቦርድ ሲመጣ የትንፋሽ መሣሪያው ቀረ፣ ድራሙ ቀረ፣ ቤዙም ወደ ኪቦርዲስቱ ግራ እጅ ገባ። ዋን ማን ባንድ የሚባለው ሥራ ተፈጠረ። የኛም ጣጣ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ለዓመታት ብቻውን የሠራ ኪቦርዲስት ግራ እጁን ያስለመደው ቤዝ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሪትሙን ሲያስነሳው ማሽኑ ድራምና ቤዝ አብሮ ይዞ ይመጣል። ቤዝ ጊታር የያዘ ሰው ሲጨመር በአንድ ዘፈን ሦስት ቤዝ ይሆናል፤ የማሽኑ፣ የግራ እጁና የኔ። ሁለት ወፍራም ድምፆች ትንሽ ከተዛነፉ አንዱ ሌላውን እየረበሸ ድምፁ ይርገበገባል፤ ዘፈኑ ይደፈርሳል። ጥፋተኛ የሚባለው ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ የመጣው ነው።

«ግራህን አንሳ!»

«አንስቻለሁ እኮ፣ አታየኝም?»

አላነሳም። ዋሽቶም አይደለም፤ እጁ ሳያውቀው ይወርዳል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ሪትም ባላቸው ብዙ ኪቦርዶች ላይ የማሽኑን ቤዝ ለብቻው ማጥፋት ይቻላል፣ ድራሙም ሰው ከያዘው እንዲሁ። ከዚያ ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ይለማመድ። ይህን ልምምድ ላይ ሳይጨርሱ ሰርግ የሄዱ ሰዎች መድረክ ላይ በዓይን ሲገላመጡ ያመሻሉ።

ሌላው የኪቦርድ ጣጣ ትራንስፖዝ የምትባለው ቁልፍ ናት። ድምጻዊዋ ጉንፋን ይዟት «ዛሬ ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጉልኝ» ስትል ኪቦርዲስቱ አንዴ ጫን አድርጎ ይገላገላል። ቤዝ የያዘው ግን ክፍት ክሮቹ ከጥቅም ውጪ ሆነውበት፣ የለመደውን የእጅ ቦታ ሁሉ ትቶ እዚያው በዚያው ዘፈኑን እንደ አዲስ መፈለግ አለበት። «ምን ይከብዳል?» ይሉታል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የድምፁ ተፈጥሮ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ሚ የሚሰጠው፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የዚያች ኖታ አንድ ሞገድ ከ8 ሜትር ይበልጣል። የምንለማመድባት ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አራት ሜትር ብትሆን የሞገዱ ግማሽ ልክ ይገጥማታል። በዚህ ምክንያት ሚ እና ፋ ገደማ ያሉ ኖታዎች ያለቅጥ ያብጣሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ይጠፋሉ። ይህም ብቻ አይደለም፤ ያበጠው ኖታ ግድግዳው ጥግ ላይ ይጮኻል፣ ክፍሉ መሐል ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ድራመሩ ቦታ ስለሚፈልግ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጧል እንበል። ቤዝ የያዘው መሐል ላይ ቆሟል። ራሱን ስለማይሰማ ድምፁን ይጨምራል። ድራመሩ ጆሮው ሊፈነዳ ደርሶ «ቀንስ!» ብሎ ይጮኻል። «እኔ ራሴን መቼ ሰማሁና ነው የምቀንሰው?» ይላል ያኛው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ የላላ ሚስማር ያለበት ቦታ በአንዲት ኖታ ላይ ብቻ ይንጫጫል፤ ያችን ኖታ በነካ ቁጥር ሁሉም ዞሮ ያየዋል። መድኃኒቱ ድምፅ መጨመርና መቀነስ ሳይሆን ሁለት እርምጃ ወደ ግድግዳው መጠጋት ነው። ባንድ በዚህ ምክንያት ሊፈርስ ሲል አይቻለሁ።

ድንኳን ውስጥ ተቃራኒው ይሆናል። ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም፣ ወፍራሙ ድምፅ ሸራውን አልፎ ይሄዳል። ለዘፋኝ ድምፅ የተገዛው ሞንታርቦ ደግሞ 41 ንዝረትን በቅጡ አያወጣም፤ በግድ ከተጫነበት ይቃጠላል። ያከራየው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ከሩቅ ሆኖ በዓይኑ ይጠብቀኛል። አንድ ሰርግ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡ አባት ዘፈኑ ሲያልቅ ጠሩኝና «አንተ ልጅ፣ ያንተይቱ ክራር ተበላሽታለች መሰል፣ አትሰማም» ብለው አዘኑልኝ። «ትሰማለች አባባ፣ ከሥር ናት» አልኳቸው። «እንግዲያስ ከሥር ለምን ትደክማለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በስልክ የተቀረጸው ቪዲዮ ሲመጣማ ጭራሽ ነው፤ የስልክ ድምፅ ማውጫ ትንሽ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣውም። እኔ እዚያ ላይ ጣቱን እያንቀሳቀሰ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ነኝ።

ወደ ሙዚቃው ስንገባ ጀማሪ ቤዝ ተጫዋች የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ከኢንተርኔት ቪዲዮ የተማረ ልጅ መጀመሪያ የሚይዘው መነሻውን ኖታና አምስተኛውን እየቀያየሩ መምታት ነው፤ ከዶ ተነስቶ ሶል። በትዝታ ቅኝት ይሠራል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነውና። ባቲም ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሆነ ሶልን አያሳጣውም። አምባሰልም ሁለተኛውና የመጨረሻው ኖታ ዝቅ ቢሉም ሶል በቦታው አለ። አንቺሆዬ ላይ ግን ሶል በግማሽ ቶን ዝቅ ብሏል። ልጁ እጁ በለመደው ሶል ሲመታ ድምጻዊው ከያዘው ኖታ ጋር በግማሽ ቶን ይጋጫል፤ ያውም ወፍራም ሆኖ ከሥር። ሰው «የሆነ ነገር ተበላሸ» ይላል፣ ምን እንደሆነ ግን አይለይም። በአንቺሆዬ መነሻው ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ወይም ወደ ፋ መሄድ ይሻላል።

ምቱም እንደዚሁ ነው። ቪዲዮው በአራት ያስቆጥረዋል፣ ችክችካው በስድስት ይሄዳል። ጎንደር ትከሻ የሚያንቀጠቅጥበትን ቦታ ቤዙ ካጣው እስክስታ ወራጁ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ከዚህ በላይ ፈጣን ፈታኝ የለም። አዲ አርቃይ የሽሬ መንገድ ላይ ስለሆነች የትግርኛ ጥያቄም ይመጣል፤ የጓይላን ምት የሙዚቃ ሰዎች በአምስት ይጽፉታል። በስድስት የገባ ቤዝ እዚያ ላይ ከከበሮው ጋር ሳይገናኝ ያመሻል።

የመንገዱ ነገር ራሱን የቻለ ነው። ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደባርቅ ብርድ ነው። ከዚያ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራውን የሊማሊሞን ጥምዝምዝ ወርዶ አዲ አርቃይ ሲደርስ ሙቀት ይቀበለዋል። የብረት ክር ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ውጥረቱ ይቀንሳል፣ ድምፁ ይወርዳል። ደባርቅ ላይ ተቃኝቶ የወረደ ቤዝ ታች ሲደርስ ተቃኝቷል ብሎ መድረክ ላይ መውጣት አይገባም። ከሻንጣው አውጥቶ አየሩን እስኪለምድ ማቆየት፣ ከዚያ መቃኘት ነው። ኪቦርድ ይህ አይነካውም፤ ኪቦርዲስቱ ቀድሞ ደርሶ ምሳውን እየበላ «አሁንም አልጨረስክም?» የሚለው ለዚህ ነው።

ክር ቢበጠስ ወይም ቢያረጅ በአቅራቢያ የሚገዛ ለማግኘት ከባድ ነው፤ የጊታር ክር ይገኝ ይሆናል፣ የቤዝ ግን እምብዛም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይለመናል። እስከዚያው አሮጌውን ክር አውልቆ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ መቀቀል የታወቀ ዘዴ ነው፤ የተጠራቀመው ላብና ቅባት ይለቅና ድምፁ ለተወሰኑ ቀናት ይጠራል። ድስቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሲንቆውና ከበሮው ይቀጥላሉ፣ ቤዝ ጊታር ግን ያኔውኑ ሥራ ይፈታል።

ድራመሩ ለምን ይቀራል? መልሱ ቀን መቁጠሪያው ላይ አለ። በኛ አካባቢ ሰርግ የሚደገሰው በአብዛኛው በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ሁዳዴ እስኪገባ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም አለ። ሥራው ሁሉ በጥቂት ቅዳሜና እሑዶች ላይ ይከመራል፤ በነዚያ ቀናት ሁሉም ባንድ ድራመር ይፈልጋል። ድራም የሚመታ ሰው ጥቂት ነውና አንዱ ልጅ ለሦስት ባንድ ቃል ይገባል። የከዳ የሚመስለው ሰው በጾሙ ወራት የሚበላውን በጥር ሊሰበስብ የሚሮጥ ሰው ነው።

የሰላሙም ነገር አለ። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ክረምት አዲ አርቃይን ራሷን አግኝቷታል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም ጎንደርን ጨምሮ በከተሞች ሰዓት እላፊ ተጥሎ ነበር። የማታ ሥራ ለሚሠራ ሰው ይህ ገቢውን መቁረጥ ነው። በደርግ ጊዜ የአዲስ አበባ ምሽት ቤቶች ሰዓት እላፊው ሲደርስ በር ዘግተው ታዳሚውን እስከ ንጋት ያሳድሩ ነበር፤ ባንዱም አብሮ ያድራል። የድንኳን ሰርግ ግን በር የለውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቁጥሩ የምሳሌ ነው፤ ሒሳቡ ግን እውነተኛ ነው። ሙሉ ባንድ ለአንድ ሰርግ 30,000 ብር ተዋዋለ እንበል። የሳውንድ ኪራይና ጀነሬተር 12,000፣ መኪና 5,000 ቢወስድ 13,000 ይቀራል፤ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2,600 ነው። ያው ኪቦርዲስት ከአንድ ድምጻዊ ጋር ብቻውን ቢሄድ ደጋሹ 20,000 ይከፍለዋል፤ ሞንታርቦው የራሱ ነው፣ መኪና 2,000 ቢሆን ለሁለት 9,000፣ 9,000 ይደርሳቸዋል። ኪቦርዲስቱ እኛ ጋ ሲመጣ ገንዘብ ያጣል ማለት ነው። ልምምድ ሲያረፍድ «ስግብግብ» የምንለው ሰው በርካሽ እየሠራልን ነው። ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ጽፎ ያየ ቤዝ ተጫዋች ኪቦርዲስቱን ማክበር ይጀምራል፤ የኔን ትዕግሥት የጨመረው ይኸው ነው።

ሽልማቱ ሌላ ነው። ደስ ያለው ሰው ተነስቶ ብሩን የሚለጥፈው ድምጻዊው ግንባር ላይ ነው፤ ቤዝ ተጫዋች ግንባር ላይ ሲለጠፍ አላየሁም። ድምጻዊው «ለኔ የተሰጠ ነው» ይላል፣ ባንዱ «በማን ሙዚቃ?» ይላል። ከአዝማሪው ወግ ስንነሳ ድምጻዊው ሐቅ አለው፤ ሽልማት ለተዘፈነለት ስም፣ ለተቀኘው ግጥም የሚሰጥ ነውና። በባንድ ሥራ ግን ቀብድ ከመቀበል በፊት «ሽልማት እኩል» ወይም «ሽልማት የድምጻዊ፣ ክፍያው የባንድ» ተብሎ በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ ካልተቋጨ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ይቋጫል።

የድምጻዊን ጠባይ በተመለከተ መዋቅራዊ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ዘፈን በማይክ «አሁን ደግሞ…» ብሎ ማወጅ የየትኛውም መሣሪያ ጉድለት አይደለም።

ሕጉን ብዙዎች ስለማያውቁት በአጭሩ ላንሳው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 የተሻሻለው፣ የዜማና የግጥም ባለቤትን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሥራውን ከቤተሰብና ከቅርብ ወዳጅ ክበብ ውጪ ሰው በተሰበሰበበት ማቅረብም ፈቃድ ከሚያስፈልገው ውስጥ ነው። ሆቴል ውስጥ በቋሚነት የሰው ዘፈን የሚጫወት ባንድ ይህ ይመለከተዋል። ባለቤቱ የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ግን በዚህ አይያዝም። ጎንደር በነዚህ ዜማዎች ሀብታም ስለሆነች የአንድ ምሽት ዝርዝር ግማሹን ከዚያ መሙላት አይከብድም። ለቤዝ ተጫዋችም ይመቻል፤ «ካሴቱ ላይ እንዲህ አይደለም» የሚለው የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ባንዱን ቤዝ የያዘው የሚመራው ለምንድን ነው? ጆቫኒ ሪኮም ከጊታሪስቱ ሰላም ስዩም ጋር ከአይቤክስና ከሮሃ መሪዎች አንዱ ነበር። አንደኛው ምክንያት ሥራው ነው፤ ድራሙንና ዜማውን የሚያገናኘው እሱ ስለሆነ ሁለቱንም ማዳመጥ ልማዱ ነው፣ የማን መሣሪያ እንደሳተ ቀድሞ ይሰማል። ሁለተኛው ብዙም አያኮራም፤ ባንዱ ቢፈርስ ኪቦርዲስቱ ብቻውን ይሠራል፣ ድምጻዊው ሌላ ኪቦርድ ያገኛል፣ ድራመሩ ሁለት ባንድ ይቀረዋል። ብቻውን ሰርግ የማይጠራ ቤዝ ተጫዋች ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራ ሲመጣ ስልክ የሚደወልበት ቅደም ተከተል ይታወቅ። ቀኑ እንደተነገረ፣ ቀብዱ ሳይቆጠር፣ መጀመሪያ ለድራመሩ ነው፤ አንድ ቀን ካደረ ሌላ ባንድ ወስዶታል። ቀጥሎ ለኪቦርዲስቱ፣ ሒሳቡን ጨምሮ በግልጽ። ቀጥሎ ለሳውንድ አከራዩ፤ ቤዝ እንዳለ ሳይደበቅ ይነገረው። ድምጻዊ ለመጨረሻ ይቆይ፤ ሰርግ ላይ ማይክ የሚፈልግ ሰው ጠፍቶ አያውቅም።